ሐዲዱ በጥቂቶች እጅ

የባንክ ከበርቴው ጄ. ፒ. ሞርጋንና የባቡር ባለሀብቱ ጄምስ ሂል የአሜሪካን ሰሜን ምዕራብ የሚያቋርጡትን ግሬት ኖርዘርንን፣ ኖርዘርን ፓሲፊክንና በርሊንግተንን በአንድ የአክሲዮን ኩባንያ ሥር ቢያሰባስቡ መንግሥት ከሰሳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥምረቱ እንዲፈርስ ፈረደ። በ1970 እነዚያው ሦስቱ በርሊንግተን ኖርዘርን ተብለው፣ ያውም በመንግሥት ፈቃድ ተዋሃዱ። በመሀሉ የጭነት መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ ገንኖ፣ ድሮ በጉልበቱ የሚፈራው ባቡር የሚታዘንለት ሆኗል።

ውህደት ግን ሁልጊዜ አያድንም። በምሥራቅ ለዘመናት ሲፎካከሩ የኖሩት ፔንሲልቬኒያና ኒውዮርክ ሴንትራል በ1968 ፔን ሴንትራል ሆኑ። የኮምፒውተር ሥርዓታቸው አልተግባባም፤ አለቆቻቸውም እንዲሁ። ፉርጎዎች ከነጭነታቸው የት እንደደረሱ ይጠፋ ጀመር። ኩባንያው በ1970 ሰኔ ላይ ኪሳራ አወጀ፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ያልታየ ትልቅ ኪሳራ ነበር። መንግሥት ፍርስራሹን ሰብስቦ በ1976 ኮንሬይልን አቋቋመ። በ1999 ኖርፎክ ሳውዘርን 58፣ ሲኤስኤክስ 42 በመቶውን ተካፈሉት።

ዋናው ማዕበል የመጣው ከ1980ው የስታገርስ ሕግ በኋላ ነው። ኩባንያዎቹ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲተምኑና የማያዋጣ መስመር በቀላሉ እንዲዘጉ ሕጉ ስለፈቀደላቸው፣ የሚከስር ብቻ ሳይሆን የሚገዛም የሚገኝበት ዘርፍ ሆነ። ዩኒየን ፓሲፊክ በ1996 ሳውዘርን ፓሲፊክን ሲጠቀልል ግን የፔን ሴንትራል ትምህርት የተረሳ ይመስላል፤ በቀጣዩ ዓመት በሂዩስተን ዙሪያ ባቡር በባቡር ላይ ተደርድሮ ቆመ፣ የኬሚካል ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚያነሳላቸው አጡ።

እኔን የሚያሳስበኝ የኩባንያዎቹ ቁጥር ማነሱ ብቻ አይደለም። በደጁ አንድ ሐዲድ ብቻ የሚያልፍለት የእህል ጎተራ ወይም ፋብሪካ ከማን ጋር ዋጋ ይከራከራል? የባቡር ዘርፉን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ቦርድም ይህን አይቶ ይመስለኛል በ2001 የውህደት መመሪያውን ያጠበቀው፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ፉክክርን እንደማይጎዱ ማሳየት አይበቃቸውም፣ እንደሚያጎለብቱት ማስረዳት አለባቸው።

በ2023 ካናዲያን ፓሲፊክና ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን ተዋህደው ካናዳን፣ አሜሪካንና ሜክሲኮን ሲያገናኙ የተዳኙት በልዩ ሁኔታ ከ2001 በፊት በነበረው አሮጌ መመሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀሩት ትልልቆች 6 ናቸው። በ2025 ሐምሌ ዩኒየን ፓሲፊክ ኖርፎክ ሳውዘርንን በ85 ቢሊዮን ዶላር ግምት ለመጠቅለል መስማማቱን አስታወቀ፤ ከተሳካለት በአሜሪካ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ የሚዘረጋ የመጀመሪያው የአንድ ኩባንያ መስመር ይሆናል። የ2001ዱ መመሪያም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።