ሜዳ ዳር የሚቆመው የዓይን ሐኪም

ኤድጋር ዳቪድስ ሲነሳ የእግር ኳስ ወዳጅ መጀመሪያ የሚያስታውሰው መነጽሩን ነው። ሆላንዳዊው አማካይ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በጁቬንቱስ፣ በባርሴሎና፣ በኢንተር ሚላንና በቶተንሃም ማልያ ሲሮጥ ያ መነጽር ከፊቱ አልተለየም። ፋሽን የመሰለው ተመልካች ብዙ ነበር። ነገሩ ግን የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ዳቪድስ ግላኮማ ይዞት ቀኝ ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ግላኮማ በአብዛኛው የዓይን ውስጥ ግፊት ከፍ እያለ የእይታን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያደርቅበት በሽታ ነው። እንዲህ የታከመ ዓይን ላይ የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ክርን ቢያርፍ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ሜዳ ይግባ ወይስ አይግባ? ምን አጥልቆ ይግባ? የትኛውን መድኃኒት እየወሰደ? ይህን የሚመልሰው በስፖርት ላይ ያተኮረ የዓይን ሐኪም ነው። ሥራው ከማከሙ ይልቅ መፍረዱ ይበዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መድኃኒቱን ብቻ ብናይ እንኳ ጣጣው ብዙ ነው። ለግላኮማ ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ ቲሞሎል ነው። ቲሞሎል የልብ ምትን ከሚያረጋጉት ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ስለሆነ፣ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ በሚፈለግባቸው በተኩስና በቀስት ውድድሮች የተከለከለ ነው። ለእግር ኳስ ተጫዋች ግን ችግር የለበትም። ዶርዞላሚድ የተባለው ጠብታ ለማንኛውም ስፖርተኛ ይፈቀዳል፤ የቅርብ ዘመዱ አሴታዞላሚድ በኪኒን መልክ ሲዋጥ ግን ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ተርታ ገብቶ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ዓይኑን አድኖ የሜዳሊያውን ነገር ሊያበላሽ ይችላል።

«የስፖርት ዓይን ሐኪም» የሚል ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዲግሪ ፍለጋ የሚነሳ ወጣት ግን ብዙ ይደክማል። መንገዱ የማንኛውም የዓይን ሐኪም መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ አንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ ሦስት ዓመት የዓይን ሬዚደንሲ ይጠብቀዋል፤ ከዚያም የሚፈልግ አንድ ሁለት ዓመት በሬቲና ወይም በኮርኒያ ላይ ይጨምራል። በእኛም አገር አጠቃላይ ሕክምና የጨረሰ ሐኪም በምኒልክ ሆስፒታል በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል፣ ወይም በጎንደርና በጅማ ስፔሻላይዝ ያደርጋል። ስፖርቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለሙያው ቀኑን ሙሉ ሞራ ሲገፍና መነጽር ሲያዝ ውሎ፣ በትርፉ የአንድ ቡድን አማካሪ ይሆናል። የሚገርመው፣ በሙያው ትልቁ ውጤት የተገኘው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አለመሆኑ ነው።

ካናዳዊው ቶም ፓሽቢ የቶሮንቶ የዓይን ሐኪም ነበር። በአገሩ ብሔራዊ ስፖርት በሚባለው የበረዶ ሆኪ ታዳጊዎች ዓይናቸውን እያጡ ወደ ክሊኒኮች ይመጡ ነበር፤ አንዱን የሆኪ ዱላ ወግቶት፣ ሌላውን በበረዶው ላይ እንደ ጥይት የምትወረወረዋ ጠንካራ የጎማ ዲስክ መትታው። ፓሽቢ እያንዳንዱን አክሞ ከመሸኘት አልፎ መቁጠር ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለመላው ካናዳ የዓይን ሐኪሞች መጠይቅ እየላከ ጉዳቱን ሰበሰበ። በ1974–75 የውድድር ዘመን ብቻ 43 ዓይኖች ታወሩ። ቁጥሩን ይዞ የሆኪ ማኅበራትን በር አንኳኳ፤ የካናዳ ደረጃዎች ማኅበር ለፊት መከላከያ መስፈርት እንዲያወጣ ከሚወተውቱት ግንባር ቀደም ሆነ።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ግን የታዳጊ ተጫዋቾች የፊት መከላከያ ግዴታ ሆነ፤ የሚታወሩት ዓይኖች ቁጥርም አሽቆለቆለ። ፓሽቢ እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳ የስፖርት ዝነኞች መዝገብ ውስጥ የገባው ጎል አስቆጥሮ አይደለም። በ2005 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የትልልቆቹ ሊግ ኤንኤችኤል ገና ለአዳዲስ ተጫዋቾች እንኳ የዓይን መከለያን አላስገደደም ነበር፤ ያ የሆነው በ2013 ነው።

እኛ አገር የበረዶ ሆኪ የለም፤ እግር ኳስ ግን በየሰፈሩ አለ። ኳሷ ከዓይን ጉድጓድ በብዙ እጥፍ ስለምትሰፋ ዙሪያውን ያለው አጥንት የሚመክታት ይመስላል። አይመክታትም። በኃይል የተመታች ኳስ ፊት ላይ ስታርፍ ትጨፈለቃለች፤ ጥቂቱ ክፍሏም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ይጫነዋል፣ ተመልሶ ሲወጣም ይስበዋል። ስኳሽ የባሰ ነው፤ የስኳሽ ኳስ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለጉድጓዱ ልክ ሆኖ የተሠራ ያስመስላል።

ተመትቶ የወደቀ ተጫዋች ዘንድ ሮጦ የሚደርስ ሐኪም መጀመሪያ የሚያጣራው ተጫዋቹ ማየቱን ነው፤ አንዱን ዓይን ሸፍኖ ጣት ያስቆጥራል። ብሌኑ ለብርሃን ይጠባል? ክብ ነው ወይስ ተጎትቶ ወደ አንድ ጎን ሾልኳል? ቅርጹ ከተዛባ ዓይኑ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል መጫንም ማጠብም የለም፤ በጠንካራ መከለያ ሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ማሮጥ ነው። ከብሌኑ ፊት ደም ተጠራቅሞ ከታየ ተጫዋቹ ሕመም ባይሰማው እንኳ የዕለቱ ጨዋታ አብቅቷል። ተጫዋቹ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ቀና ብሎ ማየትም ካቃተው፣ የጉድጓዱ ወለል ተሰብሮ የዓይን ጡንቻ ተይዞ ይሆናል። አስቸጋሪው ምንም የማያሳምመው ጉዳት ነው። ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላ በተመታው ዓይን ላይ ግላኮማ ሊመጣ ይችላል፤ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ የጠፋ ተጫዋች ያን ጊዜ የሚመለሰው እይታው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ቀጠሮ ያበዛል፤ ተጫዋቾችም በዚህ ያማርሩታል።

ከዚያ ወደ ሜዳ የመመለሱ ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2000 በኤንኤችኤል የሚጫወተው የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሆኪ ክለብ ተከላካይ ብራያን ቤራርድ ቀኝ ዓይኑን በተጋጣሚ ዱላ ተመታ። ዓይኑ ክፉኛ ስለተጎዳ ብዙዎች ሙያው ይቀጥላል ብለው አልጠበቁም። ሊጉ አንድ ተጫዋች በደካማው ዓይኑ ቢያንስ 20/400 ማየት አለበት ይል ነበር፤ ይኸውም ጤናማ ሰው ከ120 ሜትር የሚለየውን በ6 ሜትር መለየት ማለት ነው። ቤራርድ ከተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና በኋላ በኮንታክት ሌንስ እርዳታ ያችን መስመር ነካ፤ በ2001 መጸው ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተሰለፈ። ለእንዲህ ያለ ውሳኔ የሚፈርም ሐኪም ከተጫዋቹ ጉጉት ጋር፣ ከክለቡ ፍላጎት ጋር፣ ከመድን ድርጅቱም ጋር መሟገቱ አይቀርም። አንድ ዓይን ብቻ ጥሩ ለሚያይለት ሰው የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር ምክር ግን ያሻማል አይባልም፤ በሌላው ስፖርት መከላከያ አጥልቅ፣ ቦክስንና ሙሉ ንክኪ ያለባቸውን የማርሻል አርት ስፖርቶች ግን ተው።

በጋዜጣ የሚወደደው የሙያው ገጽታ ሌላ ነው፤ «ከሰው የተለየ ዓይን» የሚባለው። ዳንኤል ላቢ የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ተጫዋቾችን ለዓመታት መርምሯል። የተለመደው የፊደል ሰሌዳ አልበቃቸውም፤ ብዙዎቹ የመጨረሻዋን መስመር በቀላሉ ስለሚያነቡ ደቃቅ ፊደል ያለው ሰሌዳ ማሠራት አስፈልጓል። በ1996 በታተመው ጥናታቸው 387 ተጫዋቾች ተመርምረዋል፤ አማካይ ተጫዋች ከ6 ሜትር ያነበበውን ፊደል ሌላው ሰው ለማንበብ ወደ 4 ሜትር ገደማ መቅረብ ይኖርበታል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ከመወርወሪያው እስከ መምቻው የምትደርሰው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ስለሆነ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ከዚህ ተነስተው «ዓይንዎን አሠልጥነው ሻምፒዮን ይሁኑ» የሚሉ መሣሪያዎችን የሚሸጡ ግን ብዙዎች ናቸው። በኮምፒዩተር ላይ የተለማመደ ሰው በኮምፒዩተሩ ጨዋታ እንደሚሻሻል ጥርጥር የለውም፤ ሜዳ ላይ ጎል እንደሚያበዛለት ግን ማስረጃው እስካሁን ቀጭን ነው።

ለኢትዮጵያውያን አትሌቶች የዓይን ሐኪም ብዕር በጣም የሚቀርበው በፓራሊምፒክ ነው። የማየት ችግር ያለባቸውን ሯጮች በየምድባቸው የሚደለድሉት የዓይን ሐኪሞችና ኦፕቶሜትሪስቶች ናቸው። መለኪያቸው የተሻለው ዓይን በመነጽር ታርሞ የሚያየው ነው። ቲ11 ማየት የማይችሉ ወይም ብርሃን ብቻ የሚለዩ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሸፍነው ከመሪ ሯጭ ጋር ይሮጣሉ። ቲ13 የተሻለ ማየት ያላቸው ሲሆኑ መሪ አይኖራቸውም። የቲ13 መስፈርት ጤናማ ሰው ከ60 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር የመለየት ዳር ላይ ይጀምራል። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር ቲ13 ስታሸንፍ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በፓሪስ 2024ም ደገመችው። በዚያው መድረክ ያየሽ ጌቴ በቲ11 ወርቅ አጠለቀች። ከእነሱ በፊት፣ በሪዮ 2016፣ ታምሩ ደምሴ በቲ13 1500 ሜትር በ3:48.49 ብር ወስዷል። በዚያ ውድድር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉ የኦሊምፒኩ አሸናፊ ማቲው ሴንትሮዊትዝ ከሮጠበት ከ3:50.00 ፈጥነዋል፤ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ በዝግታ የተጀመረ የብልሃት ሩጫ እንደነበር ግን መጨመር ይገባል።

ድልድሉ ያለ ጭቅጭቅ አይሄድም። ሐኪሙ አንድ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ቢመዘግብ አትሌቱ ምድብ ይቀይራል፤ ምድብ ከቀየረ ደግሞ ሜዳሊያው ይርቀዋል ወይም ይቀርበዋል። በዚህ ምክንያት ፈታኞቹ የአትሌቱን የሕክምና ማስረጃ ከሰሌዳው ውጤት ጋር ያመሳክራሉ፤ የሬቲናው ምስል የሚያሳየው ጉዳት አትሌቱ አላይም ካለው ጋር ካልተስማማ ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃሉ። በሽታው እየባሰ ሊሄድ የሚችል አትሌት ደግሞ ዳግም የሚመረመርበት ዓመት ይቆረጥለታል፤ ያ ዓመት ሲደርስ እንደ አዲስ ሰሌዳው ፊት ይቀመጣል።