ከካርቶኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ
ለአሰላ ምግብ ቤቶችና ለደንበኞቻቸው

አሰላ ውስጥ ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል፣ ወይም ጨረቃና ኮከብ ካልተሳለ ደንበኛው ጠይቆ ነው የሚገባው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖሩበት ከተማ ምልክቱ ከብቱ በማን ሥርዓት እንደታረደ ይናገራል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አስተናጋጁ «የጾም ነው የፍስክ?» ሳይል ትእዛዝ አይቀበልም። ምግብን በምልክት መለየት እንግዲህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ደንበኛው ነው፤ ሃይማኖቱ ሳይሆን ሰውነቱ አንድን ምግብ የከለከለው ሰው። ለእሱ የሚሆነው መረጃ በሩ ላይ አልተሳለም፤ ዱቄቱ፣ ዘይቱና ብስኩቱ በመጡበት ካርቶን ጀርባ በደቃቅ ፊደል ታትሟል።

ባለሥልጣኖቹ ይህን ጽሑፍ «ገላጭ ጽሑፍ» ይሉታል። በአገራችን ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ዓለም አቀፉ የመስፈርት መነሻ ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ነው። የታሸጉ ምግቦች መስፈርቱ ስማቸው ሳይሸሸግ እንዲጻፉ ካዘዛቸው መካከል ግሉተን ያላቸው እህሎች፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ እና እንደ ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝሩን ወደ 14 አስፍቶታል፤ በውስጡ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦ ስላሉበት ለእኛ ማእድ ይበልጥ ይቀርባል። ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ግዴታው የታሸገውን ብቻ ሳይሆን በምግብ ቤት ሳህን ላይ የሚቀርበውንም ይመለከታል። አሜሪካ ሰሊጥን የጨመረችው ዘግይታ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ወደ አሰላ እንመለስ። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከስዊድን ጋር በተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት፣ ሰዉ «ካዱ» በሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ዛሬ ድረስ የስንዴ ዝርያ ያወጣል። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ ብቅል ፋብሪካው አለ። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ያለው ስንዴና ገብስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሴሊያክ በሚባለው የአንጀት ሕመም ለተያዘ ሰው የአካባቢው ቁርስ ከዳር እስከ ዳር ችግር ነው፤ ዳቦው፣ የስንዴ ጨጨብሳው፣ የገብስ ገንፎው፣ በሶው። ጭኮ ከሆነማ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ስለሚለወስ ግሉተንና ወተትን በአንድ ጉርሻ ያቀርባል። ሴሊያክና የስንዴ አለርጂ አንድ አይደሉም። የስንዴ አለርጂ ብቻ ያለበት ሰው ገብስ ሊስማማው ይችላል፤ ሴሊያክ ያለበት ግን ሁለቱንም መተው አለበት። አስተናጋጁ «ስንዴ አልበላም» የሚል ደንበኛ ሲገጥመው «ገብስስ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ብቅልን ከአሰላ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም፤ ማሸጊያ ላይ ሲያየው ግን ያልፈዋል። ኮርንፍሌክስ በቆሎ ነውና ግሉተን የለበትም ተብሎ ለእንግዳ ይቀርባል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ግን የገብስ ብቅል ጭማቂ ለጣዕም ተጨምሮባቸዋል፤ በአንዳንድ የቸኮሌት መጠጥ ዱቄትና ብስኩትም እንዲሁ። አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይሆናል፤ ለሴሊያክ ታማሚ ግን አይሆንም። በኮዴክስ መስፈርት «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን መገኘት የለበትም። ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ እዚያው ወፍጮ ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንጀራውም ሲጋገር ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይደባለቅበታል፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ድብልቁ ይበዛል። ባለሆቴሉ ከእንጀራ አቅራቢው ድብልቁን አጣርቶ ሳያውቅ «ንጹህ ጤፍ ነው» ሊል አይገባም።

ከሁሉም በላይ የምንዘናጋው «የጾም» በሚለው ቃል ነው። የጾም ምግብ አዘገጃጀቱ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስለማያስገባ፣ የወተት ወይም የእንቁላል አለርጂ ላለበት ሰው መልካም መነሻ ነው። ፋብሪካ የገባበት ነገር ሲሆን ግን ጀርባው መነበብ አለበት። ለቡና የሚሆነው ነጭ ዱቄት ፊት ለፊቱ «ወተት አልባ» ተብሎ፣ ከጀርባው ሶዲየም ኬዚኔት ሊጻፍበት ይችላል፤ ይህ የወተት ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ማርጋሪንም ዌይ ይጨመርበታል፤ እሱም ከወተት ነው። «ላክቶስ የሌለው» ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው ይረዳል እንጂ ፕሮቲኑ እንዳለ ስለሆነ ለአለርጂው አይበጅም። በሌላ በኩል ጾሙ የቀነሰውን ጣዕም የምንተካው በኦቾሎኒ፣ በሰሊጥ፣ በአኩሪ አተርና በሰናፍጭ ነው። የኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ሰው የጾሙ ኬክ ከፍስኩ የባሰ ሊሆን ይችላል። «ቬጀቴሪያን» የሚለውም ከእኛ ጾም ጋር አይገጥምም፤ ወተትና እንቁላል ይፈቅዳልና።

ጄላቲን ሙስሊሙንም ኦርቶዶክሱንም ይመለከታል። ከረሜላና ጄሊ ውስጥ የሚገባው ይህ ነገር ከአሳማም ከከብትም ይሠራል፤ ከምን እንደሆነ ካልተጻፈ ወይም የታመነ የሐላል ምልክት ከሌለው ዕቃውን መተው ይቀላል። ኢ120 የሚባለው ቀይ ቀለም ደግሞ ከነፍሳት የሚወጣ ነው።

«ኦቾሎኒ ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሌላ ነው። ፋብሪካው ዕቃውን ሆን ብሎ አልጨመረም፤ በዚያው ማሽን ሌላ ምርት ስለሚሠራ ብናኙ ሊገባ ይችላል ማለቱ ነው። በብዙ አገሮች ይህን መጻፍ በፈቃደኝነት ስለሆነ፣ ያልተጻፈበት ዕቃ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም።

አለርጂ በማንኪያ ጫፍ ይነሳል፤ ማፍላትም አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋውም። ሽፍታው፣ የከንፈር እብጠቱ፣ የትንፋሽ ማጠሩ በደቂቃዎች ሊመጣ ይችላል፤ ትንፋሽ ካጠረ ሻይ አቅርቦ መጠበቅ ሳይሆን ፈጥኖ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ደግነቱ የአሰላ ወጥ ቤቶች ግማሹን ትምህርት ያውቁታል። የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይታ፣ ማማሰያውን ሳታጋባ የምታበስል ባለሙያ ከመመሪያ የበለጠ ታውቃለች። ይኸው ጥንቃቄ ወደ መጥበሻ ዘይቱ ይሻገር፤ ብስኩት የተጠበሰበት ዘይት ድንቹንም ስንዴ ያስነካዋል።

የሚጎድለው መረጃውን አለመጣል ነው። ጆንያው ወደ በርሜል፣ ካርቶኑ ወደ ፕላስቲክ ሲገለበጥ ጽሑፉ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የዱቄቱን ይዘት የሚናገር አይኖርም። የማብቂያ ቀኑም አብሮ ይጠፋል። ቢገኝ እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን በእኛ አስበው ያለፈበትን ዕቃ ዓመታት የቀሩት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ።

ስለዚህ የሆቴል ባለቤቶች፣ የድግስ አዘጋጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ወጥ ቤት ኃላፊዎች፦ ይዘቱ የተጻፈበትን የካርቶን ክፍል ቆርጣችሁ በርሜሉ ላይ ለጥፉ። አስተናጋጁም ሳያውቅ «የለበትም» ከማለት «ልጠይቅልዎ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ይግባ። ደንበኛ ሆይ፣ አንተም ምን እንደማይስማማህ ትእዛዝ ከመስጠትህ በፊት ተናገር።