ጎርጎራ፦ የጣና ሰሜናዊ በር

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ቆላ ድባን ካለፈ በኋላ በደምቢያ ሜዳ ውስጥ ይጓዛል። ግራና ቀኙ ጥቁር አፈር፣ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው። መንገዱ የሚያበቃው ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ ነው።

ጎርጎራን ብዙ ሰው የሚያውቃት በታሪኳ ነው። አፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን በዚህ አካባቢ አድርገው ነበር፤ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው እዚሁ ነው። ክቡ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቹ ይታወቃል። ወደ ባሕር ዳር የሚሻገር መርከብም መነሻው ወደቧ ነው። የከተማዋን የዕለት ኑሮ ማየት የሚሻ ግን ማለዳ ወደ ውኃው ዳር ይውረድ።

በዚያ ሰዓት ታንኳዎች ይመለሳሉ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፦ የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ይጠቀለላል፣ በልጥ ጠብቆ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይታጠፋል። ቀዛፊው ላዩ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። በዚህ ሙያ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሳው የሐይቁ ነባር ነዋሪዎች፣ ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዑርክ ከተባለች የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ የቤተ ክርስቲያን እርዳታ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርቱ ጨመረ፤ በሐይቁ ላይ ያለው ጫናም አብሮ ጨመረ።

መረቡ ይዞ የሚወጣው በዋናነት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች በጣና ተፈጥረዋል። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረብ በወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ ከነእንቁላላቸው ይያዛሉ። በዚያ ላይ እምቦጭ የተባለው አረም አለ፦ በ2004 ዓ.ም. በደምቢያው መገጭ ወንዝ መግቢያ ታይቶ በሰሜኑ ዳርቻ ተስፋፋ፣ ለመረብም ለጀልባም መንገድ ዘጋ። ደንገሉም በእርሻና በልቅ ግጦሽ እየሳሳ ነው።

ጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» የመዝናኛ ልማት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ በመሆኗ እንግዳዋ ይበዛል። መልካም ነው፤ ይምጣ፣ ይይ፣ ትኩስ ዓሣም ይብላ። ነገር ግን ገበታው እንዳይጎድል ወንዞቹ በክረምት ከመረብ ነጻ ይሁኑ፣ ደንገሉም ይከለል። ለመዝናኛው የሚወጣው ገንዘብ ለእነዚህ ሁለቱም ሊተርፍ ይገባል፤ ዓሣና ደንገል ከጠፉ እንግዳው የሚያየው ባዶ ውኃ ነው።