ቁልቁለቱና የአሮጌ ሞተር የፊት ፍሬን

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ በደቡብ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለው በዚህ ተዳፋት የታችኛው ወገን ነው። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጎፋ፣ ወደ መካኒሳ፣ ወደ ላፍቶ ወይም ወደ ለቡ የሚሄድ ሰው በመሐል ዳገት ቢያጋጥመውም በጠቅላላው እየወረደ ነው። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ይህን ልብ ላይለው ይችላል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያስቆጠረ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ግን በቀኝ እጁ ጣቶች ያውቀዋል፤ የፊት ፍሬኑን የሚይዘው በእነሱ ነውና።

ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 200 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ቢቆሙ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት 19,000 ጁል ገደማ ነው። እነዚሁ 200 ኪሎዎች 100 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ የሚለቁት ግን 196,000 ጁል ይደርሳል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ አሥር ጊዜ እንደ መቆም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና የሞተሩ ማርሽ የሚወስዱት ድርሻ አለ። እንደ ቬስፓ ያለ፣ ዘይትና ቤንዚን አደባልቆ የሚጠጣ ሞተር ግን የነዳጅ እጀታው ሲለቀቅ ብዙም ወደ ኋላ አይጎትትም። ቀሪው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያም ውስጥ ትልቁን የሚሸከመው የፊቱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን የኋላ ጎማ ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ብለው ጣታቸውን ከእጀታው የሚያርቁ ነጂዎች፣ ከሁለቱ የተሻለውን ፍሬን ሳይጠቀሙበት ነው የሚነዱት።

ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን የፊት ፍሬን ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደክም፣ እንዴትስ እንደሚሻሻል።

አሮጌ ሞተር ሲባል በከተማችን ብዙ ዓይነት አለ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ይዘዋቸው የመጡት የጦር ሠራዊት ሞተሮች ዛሬ ብርቅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ቬስፓው መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ ጣሊያን አገር ፖንቴዴራ ላይ መሥራት የጀመረው ነው። ቀጥሎም በግብርና ባለሙያዎችና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ ገጠሩን ያዳረሱት ያማሃ ዲቲና ኤጂ መጡ። የሁሉም የቀድሞ ሥሪት የፊት ፍሬን ታምቡር ነው።

ታምቡር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክፍት የብረት ከበሮ ነው። በውስጡ በማይዞር ክብ ሳህን ላይ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ብረቶች አሉ፤ ፍሬን ሸራ የሚለጠፈው በእነሱ ጀርባ ላይ ነው። እጀታው ሲጨበጥ ገመዱ ከሳህኑ ውጭ ያለችውን ክንድ ይስባል፤ ክንዷ ካም የምትባለውን በብረቶቹ ጫፍ መካከል ያለች ዘንግ ታዞራለች፤ ካሟ ሁለቱን ብረቶች ትከፍታቸውና ሸራው የታምቡሩን ግድግዳ ይነክሳል። እጅ ሲለቀቅ ሞላው ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል።

የዚህ አሠራር ብልሃት ያለው ከሁለቱ ሸራዎች በአንደኛው ላይ ነው። ካሟ ጫፉን የምትገፋው ታምቡሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሲሆን፣ የታምቡሩ መሽከርከር ራሱ ሸራውን ይበልጥ ወደ ግድግዳው ይስበዋል። በር ሥር እንደገባ ሽብልቅ ነው፤ በተገፋ ቁጥር ይጠብቃል። ነጂው ከሰጠው ጉልበት በላይ የሚይዘው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ሸራ ግን ተቃራኒው ይደርስበታል፤ የታምቡሩ መዞር ይገፋዋልና ከሥራው ትንሹን ብቻ ይሠራል።

መሐንዲሶች ይህንን አይተው ሁለት ካም አደረጉለት፤ ሁለቱም ሸራዎች የሚሳቡ ሆኑ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ትራያምፍና የጀርመኑ ቢኤምደብልዩ ትልልቅ ሞተሮቻቸውን በዚህ ፍሬን አወጡ። ሞቶ ጉዚ ደግሞ በ1971 ቪ7 ስፖርት በተባለው ሞተሩ ላይ ባለ አራት ሸራ ታምቡር ገጠመ። በደንብ የተስተካከለ ባለ ሁለት ካም ታምቡር ዛሬም የሚናቅ ፍሬን አይደለም። አንድ ጠባዩን ግን ዳገት ያለበት ከተማ ነዋሪ ሊያውቅ ይገባል። ሞተሩ ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር የታምቡሩ አዟዟር ይገለበጣል፤ የሚሳቡት ሁለት ሸራዎች የሚገፉ ይሆናሉ፤ የፊት ፍሬኑ የለም የሚባል ያህል ይደክማል። እንዲህ ያለ ሞተር ዳገት ላይ ሲቆም የኋላ ፍሬኑ መረገጥ አለበት።

የታምቡር ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ብረቱ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ እጀታው ወደ መሪው እየቀረበ ይመጣል። ሸራው ራሱም ከመጠን በላይ ሲሞቅ መንከሱን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ረጅም ቁልቁለት ወርደው «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ነው፤ ምንም አልተበጠሰም፣ ፍሬኑ ግን የለም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጎርፍ አቋርጦ የወጣ ታምቡር ውሃ ይይዝና እስኪደርቅ ድረስ ያንሸራትታል።

ቬስፓ የራሱ ጣጣ ይጨመርበታል። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ታምቡሩም ትንሽ ነው። የፊት ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ አጭር ክንድ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። የቬስፓ ወዳጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «የፊት ፍሬኑን ዲስክ ላድርገው ወይ?» የሚል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መልሴ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ ያለውን ታምቡር አስተካክሉ። ደካማ ተብሎ የሚወቀሰው አብዛኛው ታምቡር አሠራሩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ለዓመታት በሚገባ ያየው ሰው ስለሌለ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቶርኖ ነው። ብዙ ያገለገለ ታምቡር ክብነቱን ያጣል፤ እጀታው ላይ የሚሰማው የመምታት ስሜት የዚህ ምልክት ነው። ቶርኖ ላይ በስሱ ይላጣል፤ ፋብሪካው ከፈቀደው ስፋት ግን ማለፍ የለበትም፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የጎማ ሽቦ ያለው ሞተር ከሆነ ሽቦዎቹ ተወጥረው ሳለ መላጣት አለበት፤ ሽቦ ሲጠብቅ ታምቡሩን ይስበዋልና፣ ባዶውን ተላጦ ከዚያ ሽቦ የሚወጠርበት ታምቡር እንደገና ይጣመማል። ለዚህ ሙሉ ጎማ የሚይዝ ትልቅ ቶርኖ ያስፈልጋል። የቬስፓው ታምቡር ከቸርኬው ስለሚለይ ሥራው ይቀላል።

ቀጥሎ ሸራው። በከተማችን ፍሬን ሸራ የሚለጥፉና በሪቬት የሚመቱ ባለሙያዎች አሉ፤ ለአሮጌ ሞተር አዲስ ሸራ አጥቶ መቸገር አይገባም። ዋናው ነገር ሸራው ከተላጠው ታምቡር ቅስት ጋር መግጠሙ ነው። ታምቡሩን ውስጡን ጠመኔ ቀብቶ፣ ፍሬኑን በስሱ ይዞ ጎማውን ማዞር ነው፤ ጠመኔው የነካው ቦታ የት እንደሚይዝ ያሳያል። ጫፍና ጫፉ ብቻ ከነካ ወይም መሐሉ ብቻ ከነካ፣ ሸራው ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ይሞረዳል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ባለ ሁለት ካም ከሆነ ሁለቱን ካሞች የሚያገናኘው ዘንግ ተስተካክሎ ሁለቱም ሸራዎች በአንድ ቅጽበት መንካት አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ብቻውን ይሠራል።

እዚህ ላይ ስለ አቧራው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዱሮ ፍሬን ሸራ አብዛኛው በአስቤስቶስ የተሠራ ነው። አስቤስቶስ በዓይን የማይታይ ስንጥር ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የታምቡር አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት፣ አሮጌ ሸራን በደረቁ መሞረድ፣ አቧራውን በመጥረጊያ መጥረግ፣ በተለይ አጠገብ ቆመው ሙያ ለሚማሩ ልጆች የማይታይ አደጋ ነው። በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ አስሮ መጣል ምንም ያህል ወጪ የለውም።

ከዚያ ገመዱ። ውስጡ የዛገ ገመድ የእጅን ጉልበት መንገድ ላይ ይበላዋል፤ አዲስ ገመድ ብቻ ቀይረው ፍሬናቸው የተለወጠላቸው አሉ። ገመዱና ክንዷ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ በሚይዝበት ጊዜ ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚተላለፈው ያኔ ነው። ሸራው ሲያልቅ ክንዷን ከካሟ ጥርስ ላይ አውጥቶ አንድ ጥርስ ማዞር የተለመደ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ካሟ ከልክ በላይ ትዞርና ፍሬኑ ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ የፊት ጎማ መንገድ ላይ ከተቆለፈ ነጂው ወዳቂ ነው። ሸራ ሲያልቅ መፍትሔው ሸራ ነው። በመጨረሻም የጎማው መሐል ዘንግ ዳዶ ላላ ብሎ፣ ፍሬኑ ጥብቅ ተብሎ ተይዞ እያለ ዳዶው ይጠበቃል፤ ሳህኑ ከታምቡሩ ጋር እኩል መሐል ይይዛል። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነጂው አሁንም ካልረካ፣ ወይም በየቀኑ ሰው ጭኖ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ዲስክ ማውራት ተገቢ ነው። ዲስክ በሁለት ጎማ ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቬስፓ ተፎካካሪ የነበረው ላምብሬታ እ.ኤ.አ. በ1962 በገመድ የሚሳብ ዲስክ ይዞ ወጥቷል። በ1969 ሆንዳ ሲቢ750 በዘይት የሚሠራውን ለብዙኃን ገበያ አቀረበ። ቬስፓ ራሱ ፒኤክስ የተባለውን ሞተሩን በ1998 ከ200 ሚሊ ሜትር የፊት ዲስክ ጋር አወጣ። ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ዲስኩ፣ አየር ላይ የተገለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃም ቢነካው ሸራው ወዲያው ይጠርገዋል። ሲሞቅ የሚሰፋው ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው ርቆ አይደለም።

ዲስክ መግጠም ግን ክብ ብረት መግጠም ብቻ አይደለም። በጣም አስተማማኙ መንገድ ከዚያው ቤተሰብ ኋላ የመጣውን ሞተር የፊት ክፍል፣ ሹካውን፣ የጎማ መሐሉንና ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚነክሰውን ካሊፐር አንድ ላይ ማምጣት ነው። በጋራዥ ውስጥ ከላሜራ በተቆረጠና በብየዳ በተያያዘ ብረት ካሊፐር ማንጠልጠል ሕይወትን ብየዳ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ጉልበት በሙሉ የሚሸከመው ያ ብረት ነውና። ለታምቡር የተሠራ ቀጭን ሹካ ከአንድ ወገን በዲስክ ሲያዝ ሊጣመም እንደሚችልም መታሰብ አለበት።

እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚገፋው የፖምፓው ልክም ወሳኝ ነው። የፖምፓው ቀዳዳ ሲጠብ ለእጅ ጉልበት የሚገኘው ግፊት ይጨምራል፤ እጀታው የሚጓዘው ርቀትም ይረዝማል። ከ14 ሚሊ ሜትር ወደ 12.7 መውረድ ብቻ ግፊቱን በ21 በመቶ ገደማ ያሳድጋል። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገኘ ፖምፓ ሁሉ ለማንኛውም ካሊፐር አይሆንም። ሰፊ ፖምፓ ትንሽ ካሊፐር ላይ ሲገጠም እጀታው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ባለቤቱም ዲስክ ገጥሞ ከታምቡሩ የባሰ ፍሬን ይዞ ይሄዳል። የፍሬን ዘይቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይት ቱቦ ውስጥ ከፈላ እጀታው ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ ሩቅ አይደለም። በጀሞ፣ በላፍቶና በሃና ማርያም የምናየው ባጃጅ የቬስፓ ዘመድ ነው፤ የሕንዱ ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር። የባጃጁ ፍሬን ታምቡርንም ዘይትንም አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሦስቱንም ጎማ በዘይት ግፊት የሚይዘው ታምቡር ነው። የባጃጅ መካኒክ ሸራ መቀየርንም አየር ማስወጣትንም በየቀኑ የሚሠራው ሥራ አድርጎታል። የአሮጌ ሞተር ባለቤት ማንዋሉን ይዞ ከእንዲህ ያለ ባለሙያ ጋር ቁጭ ቢል፣ አንዱ ልኩን ሌላው እጁን አምጥቶ ጥሩ ሥራ ይወጣል። ፍሬኑን ከመቀየሩ በፊት ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብበትን ተቋም መጠየቅም ጥሩ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ካወጣ ወዲህ ሕጋዊነት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የጠነከረ ፍሬን ያረጀ ጎማ ላይ ምንም አይሠራም። ጎማው ከደረቀና ከተሰነጠቀ፣ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ከአስፋልቱ ዘይትና አቧራ ጋር ሲደባለቅ፣ ጠንካራው ፍሬን ጎማውን ቶሎ ከመቆለፍ በቀር የሚጨምረው የለም። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጎማው ይቅደም።

አዲስ ሸራ ለብሶ ከጋራዥ የወጣ ሞተር ወዲያው ቁልቁለት አይውረድ። ሜዳ በሆነ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ከዝቅተኛ ፍጥነት እየተነሳችሁ ደጋግማችሁ ፍሬን ያዙ፤ በየመሐሉ ይብረድ። ሸራው ቦታውን ሲይዝ የገመዱን ልክ እንደገና አስተካክሉ፤ የእያንዳንዱን ዳዶ ጥብቀትም ደግማችሁ እዩ። ወደ ጎፋም ሆነ ወደ ለቡ የምትወርዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።