ሙሉና ጎዶሎ ቁጥር በሊኑክስ ታሪክ

ማንም ሰው ጽሑፉን ገልጦ ሊመረምረው፣ ሊያርመውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለት ክፍት ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ወዳጆች አሉት፤ አንደኛው ዕለት ዕለት አዲስ ነገር ሊጨምርበት የሚተጋው ጸሐፊው ሲሆን፣ ሁለተኛው ትናንት የሠራለት ነገር ነገም ያለ እንከን እንዲሠራለት የሚሻው ተጠቃሚው ነው። የሁለቱም ፈቃድ ቅን ነው፤ ነገር ግን በአንድ እትም ሁለቱን አስማምቶ ማሳደር ስለማይቻል፣ ልባሞች የሆኑ ማኅበራት በልማት ላይ ያለውን እትም ለአገልግሎት ከሚወጣው መለየትን ሥርዓት አድርገው ይዘውታል። የቅኔ ተማሪስ ቢሆን የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ሳያሳርም መች በማኅሌት ቆሞ ያሰማል?

እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስ የዚህን ሥርዓት ጥቅምም ጣጣም አጣምሮ ያሳያል። ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ኃይልና ማኅደረ ትውስታ ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ በባለሙያዎች አጠራር ከርነል የሚባል የሥራው ሁሉ እምብርት በመሆኑ፣ እርሱ ከታመመ ጤነኛ ሆኖ የሚቀር ፕሮግራም የለም። ስለዚህም 1.0 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣ በኋላ አንድ ቀላል ድንጋጌ ጸና፦ የእትሙ ሁለተኛ ቁጥር እንደ 2.2 እና 2.4 ሙሉ ሲሆን ለሥራ የጸና፣ እንደ 2.3 እና 2.5 ጎዶሎ ሲሆን ደግሞ ገና በፈተና ላይ ያለ መሆኑን ያመለክታል። ተጠቃሚው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ ይህም በእኔ አስተያየት ታላቅ አክብሮት ነው።

ይሁን እንጂ ድንጋጌው ራሱ ሥራውን አይሠራም። 2.4 እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ቢወጣም ተተኪው 2.6 የወጣው በታኅሣሥ 2003 ስለነበረ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው በዚያ ዘመን አዲሱን መሣሪያ የገዛው ሰው መሣሪያውን የሚያውቀው ኮድ በጎዶሎው መንገድ ታግዶበት ቆየ። ሊኑክስን አሰናድተው የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎችም ደንበኞቻቸው ሲጎተጉቷቸው ከ2.5 እየቀዱ ወደየራሳቸው 2.4 ያስገቡ ጀመር፤ በዚህም የተነሣ በስም አንድ የሆነው እትም በግብር ብዙ ሆነ። ከዚህም በፊት ቢሆን የጸናው መንገድ ዕረፍት አላገኘም፤ በመስከረም 2001 በወጣው 2.4.10 ማኅደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው ክፍል ከሞላ ጎደል በሌላ ተተክቷል፤ በኅዳር ወር የወጣው 2.4.15 ደግሞ በዲስክ ላይ የተቀመጠውን ፋይል የሚያበላሽ ስሕተት ስለተገኘበት በጥቂት ቀናት ውስጥ በ2.4.16 ተተካ። የጽናትን ስም ይዞ እንዲህ ማድረግ የተጠቃሚውን እምነት ማጉደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በኦታዋ የተሰበሰቡት የከርነሉ ሊቃውንት የ2.7ን መንገድ አንከፍትም ብለው ሲስማሙ፣ መለየት ይቅር ማለታቸው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከዓመታት ወደ ሳምንታት ይጠር ማለታቸው ነበር። ዛሬ አዲስ ሥራ የሚገባው በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በሩ ተዘግቶ፣ ስሕተትን ማረም ብቻ እየተፈቀደ የዕጩ እትሞች ፈተና ይቀጥላል፤ ሁሉም ተደምሮ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሳምንት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግሬግ ክሮ-ሃርትማንና ክሪስ ራይት የጀመሩት የጸና እትም ክፍል ደግሞ የወጣውን እትም ተቀብሎ እርማት ብቻ እየጨመረ ይጠብቀዋል፤ ከእትሞቹም ጥቂቶቹ ተመርጠው ለዓመታት ይጠበቃሉ።

የዚህ ክፍል ደንብ ጥብቅ ነው። እርማቱ በዙሪያው ካሉት መስመሮች ጋር ተቈጥሮ ከ100 መስመር እንዳይበልጥ፣ ደግሞም አስቀድሞ በቶርቫልድስ ዋና መንገድ የገባ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ብልህነት አለበት፤ በጸናው እትም ብቻ የታረመ ስሕተት ቢኖር፣ ተጠቃሚው ወደ አዲሱ እትም በተሸጋገረ ጊዜ የተገላገለውን ችግር እንደገና ያገኘው ነበርና።