ቦሆላኖ፦ «ያ» «ጃ» የሚሆንበት ደሴት

ፊሊፒንስ ውስጥ ከሴቡ ከተማ በፈጣን ጀልባ የተነሣ መንገደኛ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ቦሆል ደሴት ይደርሳል። የሚሰማው ቋንቋ ያው ሴብዋኖ ነው፤ ወደ ገጠሩ ዘለቅ ሲል ግን ሰላምታው ይለወጥበታል። ሴቡ ላይ ጠዋት «ማአዮንግ ቡንታግ» ይባል የነበረ ሰው፣ እዚህ «ማአጆንግ ቡንታግ» ይባላል።

ለውጡ ሥርዓት አለው፤ ለእኛ ፊደልም ይመቻል። አናባቢ የሚከተለው «ይ» ወደ «ጅ» ይዞራል፦ «ኢያ» «ኢጃ»፣ ፈረስ ማለት የሆነው «ካባዮ» ደግሞ «ካባጆ» ይሆናል። ካባዮ ከስፓኝ የመጣ ቃል ነው፤ እንግዳ ነው ብለው አልማሩትም። ቃሉ በ«ይ» ካለቀ ግን አይነካም፤ ሙት ለማለት ሁሉም «ፓታይ» ይላሉ። በመደበኛው አጻጻፍ ደግሞ «ይ»ው ባለበት ስለሚቆይ፣ ቦሆላዊው ዓይኑ ያየውን አፉ ለውጦ ያነበዋል።

ከተሜው በዚህ «ጅ» ይቀልዳል፤ የገጠሬ ምልክት አድርጎ ያየዋል። ይሁን እንጂ የሴቡ ከተማ አነጋገር ራሱ ድምፅ ይውጣል። ጎሹን «ካላባው» በማለት ፈንታ «ካባው»፣ የለም ለማለትም «ዋላ»ን አሳጥሮ «ዋ» ይላል። ያንን «ል» ሳይጥሉ የቆዩት እዚያው ሴቡ ደሴት ላይ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ካርካር አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ «ንጹሑ» የማን ነው?

መልሱን የሰጠው ታሪክ ነው። ስፓኛዊው ሌጋዝፒ እ.ኤ.አ. በ1565 ከአለቃ ሲካቱና ጋር በደም የተማማለው ቦሆል ላይ ነበር፤ መቀመጫውን የመሠረተው ግን ሴቡ ላይ ነው። ቤተ ክህነቱም፣ ንግዱም፣ ኋላ ማተሚያ ቤቱም እዚያ ተከማቸ፤ ቋንቋውም በሴቡ ስም ተጠራ።

ቦሆሎች ንግግራቸውን «ቢኖል-አኖን» ይሉታል፤ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱ ወገኖች ያለ አስተርጓሚ ስለሚግባቡ፣ በእኔ ሚዛን ዘዬ ነው። ዘዬ መሆኑ ግን አያሳንሰውም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 አገሪቱን የመሩት ካርሎስ ጋርሲያ ቦሆል ውስጥ ታሊቦን የተወለዱ ሲሆኑ፣ በቢሳያ፣ ማለትም በሴብዋኖ፣ በሚገጥሙት ግጥምም የታወቁ ነበሩ።

እንዲህ ያለው የአካባቢ አነጋገር ክፍል ውስጥ ያለው ቦታ ግን ሲለዋወጥ ቆይቷል። የፊሊፒንስ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ትንንሾቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው ሕግ ግን ይህን ግዴታ አንሥቶ የማስተማሪያነቱን ቦታ ለፊሊፒኖና ለእንግሊዝኛ መልሷል።