ዳታቤዝ ስንጭን የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

“ጋዜጠኛን ከዳታቤዝ ምን አገናኘው?” ትሉ ይሆናል። ጤና ሚኒስቴራችን የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው ፖስትግሬስ በተባለ ነጻ ዳታቤዝ ላይ ነው። የወባን ወይም የክትባትን ቁጥር በራሱ መመርመር የሚፈልግ ዘጋቢም ይህን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ቢችል ይጠቅመዋል።

ለመሆኑ እንዴት ይጫናል? ለዊንዶውስ ቀላሉ አንድ ወጥ የመጫኛ ፋይል ነው። እኔ የምኖርበት ቃሊቲ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ይሄ ያዋጣል፤ ግቢ ውስጥ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ራሱን አያድስም። ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ደግሞ ማውረድ የእኛ ፋንታ ነው።

ኡቡንቱ ግን አፕት የሚባል የራሱ ጫኚ አለው። አንድ ትእዛዝ ሲሰጡት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያመጣል፤ በኋላም ከሲስተሙ ጋር አብሮ ያድሰዋል። ሆኖም ኢንተርኔት ይፈልጋል። የትኛው ቁጥር እንደሚጫንም የሚወስነው እሱ ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ፖስትግሬስ 14ን፣ 24.04 ደግሞ 16ን ይሰጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ዋና ቁጥር ድጋፍ የሚያገኘው ለ5 ዓመት ያህል ነው። ከ14 ወደ 16 ስንሸጋገር ደግሞ አዲሱ የድሮውን ዳታ እንዳለ አያነበውም። አስቀድሞ በፒጂ ደምፕ ገልብጦ ያላስቀመጠ ሰው የሴሚስተር ሥራው ሊቀርበት ይችላል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የቱ ቶሎ ይጫናል ከማለታችን በፊት ነገ ማን ያድሰዋል ብለን እንጠይቅ። በተለይ ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ።